ከገበሩ ሥር የነበረው ኪስ

በዚያ ዓመት ብርዱ ቀድሞ ገባ። ጠዋት ጠዋት የሱቃችን መስታወት ከውስጥ በኩል ያልበው ነበር፤ እኔም በጣቴ አበባ እሥልበት ነበር። ሃያ አንድ ዓመት ሞልቶኝ መስታወት ላይ አበባ ስሥል ወንድሜ አይቶ እንዳላየ ያልፈኝ ነበር። የከሰል ካውያው ሽታ፣ የእርጥብ ሱፍ ሽታ፣ ደንበኛ በሩን ከፍቶ ሲገባ ከላዩ ላይ የሚራገፈው የብርድ ሽታ፣ አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ይመጣብኛል። ብርድ ሽታ የለውም የሚለኝ ካለ ልብስ ሰፊ ቤት አላደገም። ከተማው በሙሉ ካፖርት ካላሰፋሁ ይል ስለነበር ጠረጴዛው ሥር እንኳ ጨርቅ ተቆልሎ እግራችንን የምናሳርፍበት አጥተን ነበር። ወንድሜ ይቆርጣል፣ የስፌት መኪናውን ይረግጣል፤ እኔ ገበር አያይዛለሁ፣ የቁልፍ ቀዳዳ እሠራለሁ፣ ቁልፍ እተክላለሁ። ስንደክም እሱ ያፏጫል፣ እኔ ዝም በል እለዋለሁ። እንደዚያ ደስ ያለኝ ጊዜ ከዚያ ወዲህ የለም።

ይህንን የምጽፈው ተናድጄ ነው። የተማርኩት እስከ አራተኛ ክፍል ነው፤ ፊደሌን ሳበላሽ ታገሡኝ። ስለ አገረ ገዢው መገደል መጽሐፍ ወጥቷል። ውስጡ ስለ ወንድሜ ሃያ ሁለት ገጽ አለ። ለምን እንዳደረገው ሦስት ምክንያት ተደርድሮለታል። አድርጎት እንደሆነ ግን አንድም ገጽ አልጠየቀም።

ወንድሜን ሰፈሩ «ሜትሩ» ይለው ነበር። መለኪያ ሜትሩ ካንገቱ አይወርድም፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ይዞት ሄዶ አሳፍሮኝ ያውቃል። ሰው በፊቱ አያስታውስም፤ በደረት ልኬት ነው የሚያስታውሰው። አንድ ጊዜ ዘመዶቻችን ጥሩ ልጅ አግኝተንለታል ብለው አስተዋወቁት። ሲመለስ፣

«እሺ፣ እንዴት አየሃት?» አልኩት።

«ግራ ትከሻዋ በአንድ ጣት ዝቅ ይላል» አለኝ።

ነገሩ በዚያው ቀረ።

አሁን ኪሱን ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እሱ ላይ ነውና። አባታችን መጋዘን ውስጥ ጫኝና አውራጅ ነበር። የሥራ ወረቀቱን በውጭ ኪሱ ይዞ አውቶቡስ ላይ ሲጋፋ ሰረቁት። ወረቀት የሌለው ሰው በመጋዘኑ በር አያልፍም ተባለ። ሌላ እስኪጻፍለት አምስት ወር ሙሉ ነግቶ በጠባ ከበሩ ውጭ ቆሞ ይውል ነበር፤ በዚያው ሳንባው ታሞ ሞተ። ወንድሜ ያኔ አሥራ ስድስት ዓመቱ ነው። ልብስ ስፌት ተምሮ የራሱን ሱቅ ከከፈተ ጀምሮ በሚሰፋው ኮትና ካፖርት ሁሉ፣ ከግራ ብብት በታች፣ በገበሩና በሱፉ መካከል አንድ ኪስ ያበጅ ነበር። አፉ ከገበሩ መጋጠሚያ ጋር ስለሚመሳሰል ካልዳሰሱት አይታይም። ዋጋ አይጨምርበት፣ ለባለቤቱም አይነግር።

«ንገራቸው እንጂ!» ስለው፣

«ስጦታ ይነገራል እንዴ? ራሳቸው ያግኙት» ይላል።

አንዳንዱ በሳምንቱ ያገኘዋል፤ አንዳንዱ በዓመቱ። ፊት ለፊታችን የነበረው ፀጉር አስተካካይ ካፖርቱን ሁለት ዓመት ከለበሰው በኋላ አንድ ቀን እየሮጠ መጣ።

«ሜትሩ! አንተ ሌባ! ኪስ አገኘሁ እኮ! ሌላስ ምን ደብቀህብኛል? ሚስት የለችበትም?»

«እሷን ብጨምራት ትከሻው ይጨማደድ ነበር» አለው ወንድሜ፣ ቀና ሳይል።

በዚያው ብርድ የአገረ ገዢው ካፖርት እኛ ዘንድ ታዘዘ። ቤተ መንግሥት ሄዶ የለካው ወንድሜ ነው። ኪሱን ሲቆርጥ አየሁትና፣

«ለሱም?» አልኩት።

«ሰው አይደለም እንዴ? ወረቀት አይጠፋበትም?»

«ወረቀቱን የሚይዝለት መቶ ሰው አለው።»

«እሱስ የሚያዝንለት ነገር ነው» አለና መስፋቱን ቀጠለ።

ካፖርቱ በሳምንቱ ትከሻው ጠበበ ተብሎ ተመለሰ። ወንድሜ ሳቀ። ባለሥልጣን ሲለካ ትንፋሹን ይስባል፣ ሲለብስ ይለቀዋል አለ። ሁለት ጣት አሰፋለትና ወሰዱት። ይኸው ነው። ይህችን ነገር አስታውሱልኝ፤ በኋላ ምን እንዳደረጓት ታያላችሁ።

ከዚያ ታይፕ መቺው መጣ። መንግሥት መሥሪያ ቤት ታይፕ የሚመታ፣ ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገር ወለሉን የሚያይ ሰው ነበር። ካፖርት አዘዘ። ሊለካ እጁን እንደዘረጋ፣

«ጋሼ፣ ያ የውስጥ ኪስ አለ አይደል፣ ጓደኛዬ ኮት ላይ ያየሁት፤ የኔን በአራት ጣት ጠለቅ ያድርጉልኝ። ጠንከርም ይበል» አለ።

«ምን ሊይዝልህ ነው?»

«መጽሐፍ።»

«ደግ። አንብበህ ስትጨርስ አውሰኝ» አለው ወንድሜ።

ታይፕ መቺው ሳቀ። እኔ ክንድ በማይሞላ ርቀት ተቀምጬ ቁልፍ እተክል ነበር። የሰማሁት ይህን ብቻ ነው። ወንድሜ ያንን ኪስ በሸራ ደረበው፣ ክሩንም በሰም አሸው። ሰም የምንጠቀመው ከባድ ነገር ለሚችል ስፌት ነው። መጽሐፍ ከባድ ነው። ሌላም ነገር ከባድ ነው። ይህንን ለማንም ተናግሬ አላውቅም፤ ዛሬ እዚህ የምጽፈው እውነቱን እጽፋለሁ ካልኩ ሁሉንም መጻፍ ስላለብኝ ነው።

አገረ ገዢው የተገደለው አዲሱ ፖስታ ቤት ሲመረቅ፣ ደረጃው ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ ነው። ታይፕ መቺው ሁለት ጊዜ ተኮሰ፤ ጠባቂዎቹ እዚያው ጣሉት። ካፖርቱ ኮሌታ ላይ የሱቃችን ምልክት ነበር። በማግስቱ ጠዋት ወንድሜን ወሰዱት። ሜትሩ አንገቱ ላይ እንዳለ ነው። ከበሩ ላይ ዞር ብሎ፣

«ሚጣ፣ የካውያውን ከሰል አውጪው፣ የሰው ሱሪ እንዳይቃጠል» አለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ሬዲዮው ተናገረ። ገዳዩ ሽጉጡን የያዘው «ለዚሁ ዓላማ ተብሎ በተሰፋ የምሥጢር ኪስ» ነው አለ። የምሥጢር ኪስ! በአባቴ ወረቀት መጥፋት የተነሣ የተሰፋው ኪስ የምሥጢር ኪስ ተባለ።  ከዚያ የጓሮ በራችን ተቆረቆረ። ፀጉር አስተካካዩ ነው፤ ካፖርቱን በሳሙና ማሸጊያ ጠቅልሎ ይዟል።

«ሚጣ፣ በሞትኩት፣ ይህንን ነገር አውጪልኝ። ልጆች አሉኝ።»

እኔ ምን አሰብኩ? እንዲህ ነው ያሰብኩት፦ ይህ ኪስ በየሰው ካፖርት ከተገኘ፣ ሜትሩ ለአንድ ገዳይ ሳይሆን ለጦር ሠራዊት ነው የሰፋው ይሉታል። እያንዳንዱ ኪስ አንድ አንድ ገመድ ሆኖ ታየኝ። ምላጬን አንሥቼ ተረተርኩት፤ መጋጠሚያውን መልሼ ሰፋሁት፤ በካውያ ረገጥኩት። እናቱ ራሷ ብትፈልገው አታገኘውም። እሱን ያየ ሌላው መጣ፤ ሌላውን ያየ ሌላው። በሁለት ቀን አሥራ ሰባት ካፖርት ተረተርኩ። ሱቃችን ውስጥ ተሰፍተው አልቀው ባለቤቶቻቸውን ሲጠብቁ የነበሩትንም ሳይለበሱ ተረተርኳቸው። አንዲት ክር አልታየችም። እጄ ጎበዝ ነበር፤ ምነው በደረቀ ኖሮ የዚያን ቀን።

ፍርድ ቤት ወንድሜ ቆሞ እንዲህ አለ፦ «ያ ኪስ የሁሉም ሰው ነው። የሰፋሁትን ካፖርት ሁሉ አስመጡና እዩ። ከሌለ ስቀሉኝ።»

እኔ ከኋላ ወንበር ላይ ነበርኩ።  ከኪሶቹ አንዱ እንኳ ቢቀር ኖሮ! ገመድ ናቸው ብዬ የተረተርኳቸው ምስክሮቹ ነበሩ። ሌላ ምስክር አልነበረውም።

ዳኛው፣ እውነቱን ለመናገር፣ ፖሊስ ልኮ ከሰፈራችን የተገኘውን አስመጣ። አሥራ አራት ካፖርት ጠረጴዛ ላይ ተዘረጋ። አቃቤ ሕጉ እጁን በያንዳንዱ ገበር ሥር አስገብቶ አወጣ። ባዶ። ባዶ። ባዶ። ቲያትር ይመስል ነበር፤ በስድስተኛው ላይ ሰው መሳቅ ጀመረ። ፀጉር አስተካካዩ ተጠራ።

«ካፖርትህ እንዲህ ያለ ኪስ ነበረው?»

«አልነበረውም ጌታዬ።»

«ኖሮት ያውቃል?»

«አያውቅም።» ይህንን ሲል ወንድሜን አላየውም፤ እኔንም አላየኝም። ጫማውን አየ።

ተነሣሁና ጮህኩ። «ነበረው! እኔ ነኝ የተረተርኩት! ሁሉንም እኔ ነኝ!»

አቃቤ ሕጉ እንዲያ ደስ ሲለው አይቼው አላውቅም። «እንግዲያው ማስረጃ አጥፍተሻል። ማን አዘዘሽ? ወንድምሽ?» አለኝ። «ማንም አላዘዘኝም» አልኩ። «እህት ናት» አለ ወደ ዳኛው ዞሮ፤ በቃ፣ እህት መሆኔ የተናገርኩትን ሁሉ አጠፋው። ከዚያ ወንድሜ የመጨረሻውን ተናገረ፤ «እሺ፣ የሟቹንስ ካፖርት እዩ። እሱንም የሰፋሁት እኔ ነኝ። እሱም አለው» አለ። አዳራሹ ተንጫጫ። የሟች ደም በነካው ልብስ ላይ እጅ ይግባ ማለት ድፍረት ነው ተባለ። ዳኛው መዶሻውን መታ። የሟቹን ካፖርት ማንም አላየውም። ሃያ ዓመት ፈረዱበት።

አቃቤ ሕጉ ለምን አደረገው ለሚለው ሦስት ነገር ቆጠረ። አንደኛ፣ አገረ ገዢው የተወለድንበትን ቤት ለመንገድ አፍርሶብናል፤ ቂም ነው። ሁለተኛ፣ የሰፋው ካፖርት ትከሻው ጠበበ ተብሎ ተመልሶበታል፤ የተዋረደ ባለሙያ ነው። ሦስተኛ፣ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ከማይታወቁ ሰዎች ጋር ይሰበሰብ ነበር።

ያ ቤት ሲፈርስ ወንድሜ አላለቀሰም። ጣሪያው በሦስት በኩል ያፈስ ነበር፤ ተገላገልን ነው ያለው። የተመለሰውን ካፖርት ነግሬያችኋለሁ፤ ሲስቅ አይቼዋለሁ። ፀጉር ቤት ዳማ ነው የሚጫወቱት፤ ያውም ሁልጊዜ ይሸነፍ ነበር። ዳማ የማያሸንፍ ሰው መንግሥት ሊገለብጥ!

ወህኒ ቤት ሦስት ጊዜ ሄጄ አየሁት። እዚያም ልብስ ስፌት ክፍል አስገብተውት የጠባቂዎች ሱሪ ይሰፋ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እያለቀስኩ ስለመተርተሩ ልነግረው ስጀምር አቋረጠኝ።

«ሚጣ፣ ስትተረትሪ ገበሩን አልቀደድሽውም አይደል?»

«አልቀደድኩም።»

«ጎሽ» አለ። ከዚያ በኋላ ያንን ነገር አንሥቶብኝ አያውቅም። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

በሦስተኛው ጊዜ ሸራውና ሰሙ ውስጤን ሲበላው ከርሞ፣ ደፍሬ፣ «ወንድምዓለም፣ ታውቅ ነበር?» አልኩት። በሽቦው በኩል አየኝ።

«ታይፕ መቺው ደረቱ ሰማንያ ስምንት ነበር» አለ። «ለዚያ ቁመት ምንም አይደለም። ብርድ ይመታው ነበር።»

ይህ አዎ ነው? አይደለም ነው? አምሳ አምስት ዓመት ሙሉ አገላብጬዋለሁ። አላውቅም። አጠገቡ የተቀመጥኩት፣ ክሩን ያቀበልኩት፣ አብሬው ያደግሁት እህቱ አላውቅም። እኔ ያላወቅሁትን ከሱ ጋር አንድ ቀን ሻይ ያልጠጣ ሰው በሃያ ሁለት ገጽ ያውቃል! ደሜን የሚያፈላው ይህ ነው።

ከብዙ ዘመን በኋላ መንግሥት ተለወጠ። ያ ክፉ የተባለው ግድያ ጀግንነት ሆነ። ፖስታ ቤቱ ደረጃ ላይ ድንጋይ ሊያቆሙ፣ የተባበሩትን ስም ሊቀርጹበት ነው ተባለ። መጽሐፍ ጻፊው ያኔ ነው የመጣው፤ መነጽር ያደረገ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ አነጋገሩ የለሰለሰ ሰው። መቅጃ ማሽኑን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠ።

«እማማ፣ ወንድምዎ አገረ ገዢውን ይጠሉት ነበር?»

«ማን የማይጠላው ነበር? አንተ ብትኖር ትወደው ነበር?»

«ስለዚህ ይጠሉት ነበር።» ጻፈ።

«ጉንፋንም ይጠላ ነበር» አልኩት። ያንን አልጻፈም።

ምክንያቶቹን ሲነግረኝ ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። ቤቱ፣ ካፖርቱ፣ ፀጉር ቤቱ። አንድ በአንድ የአቃቤ ሕጉ ናቸው። እኛ ቤት ያረጀ ኮት ሲመጣ ጨርቁን ገልብጠን የውስጡን ወደ ውጭ አድርገን እንሰፋው ነበር፤ ሰው አዲስ ይመስለዋል። እነሱም ያንን ነው ያደረጉት። ቂም የነበረውን ብሶት አሉት፣ ሴራ የነበረውን ትግል አሉት፤ ጨርቁ ግን ያው የድሮው ነው።

ነገርኩት። ኪሱን፣ አባቴን፣ ምላጩን፣ ሁሉንም። «የአገረ ገዢው ካፖርት አሁን ሙዚየም ውስጥ በመስታወት ሣጥን ነው ያለው። ሄደህ እጅህን ከግራው ገበር ሥር አስገባ። ያንን ኪስ የተረተረው የለም። ለጠላውም ለወደደውም የሚሰፋ ሰው እንደነበር ታያለህ» አልኩት።

«እማማ፣ ቅርስ መንካት ፈቃድ ይጠይቃል።»

«ጠይቃ!»

«እጠይቃለሁ» አለና ወረቀት አቀረበልኝ። ወንድሜ ከግድያው ተባባሪዎች አንዱ እንደነበር የምፈርምበት ነው። ብፈርም ስሙ ድንጋዩ ላይ ይጻፋል፤ ካልፈረምኩ የድሮው ፍርድ እንዳለ ይቀራል፤ የነፍሰ ገዳይ ረዳት። ምርጫዬ ይህ ነበር። የገደለ ጀግና ወይም የገደለ ወንጀለኛ። ካፖርት ሰፊ የሚባል ቦታ የለም።

«አልፈርምም። መጀመሪያ ኪሱን እይ።»

«ለወንድምዎ ክብር እኮ ነው።»

«ክብር ልኩን ካልሆነ ይጠባል፣ ልጄ። ውሰድ ወረቀትህን።»

በአራተኛው ወር መጽሐፉ ወጣ። ስለ እኔ ሁለት መስመር አለ፤ «እህቱ ከፍቅር የተነሣ ንጹሕ እንደነበር ታምናለች» ይላል። ስለ ኪሱ አንድ ቃል የለም። ንጹሕ ነው ብዬ መቼ ነገርኩት? እይ ነው ያልኩት!

ስለዚህ ራሴ ሄድኩ። ሙዚየሙ ማክሰኞ ዝግ ነው፤ የምታጸዳው ሴትዮ የሰፈሬ ሰው ናት፤ እናቷ የሠርግ ልብሷን እኛ ዘንድ ነው ያሰፋችው። አሥር ጊዜ ለመንኳት። በአሥራ አንደኛው መስታወቱን ለመወልወል ስትከፍት አጠገቧ አቆመችኝ። ሱፉ ደብዝዟል። ጥይቱ የገባው በቀኝ ነው፤ ግራው ደኅና ነው። የሠራኋቸው የቁልፍ ቀዳዳዎች አንዱም አልተፈታም። እጄን አስገባሁ።

አለ።

አፉ ገደድ ያለ፣ ጫፉ ሦስት ጊዜ የተመለሰ፣ ያው የሱ እጅ። አገረ ገዢው አላገኘውም፤ ባዶ ነው። 

«ነይ፣ አንቺም ዳስሺው» አልኳት። «ምስክር ትሆኚኛለሽ።»

እጇን አስገባች። አገኘችው። አወጣችና በሽርጧ ጠረገች።

«እማማ፣ እኔ ምንም አላየሁም። ከሥራ ያባርሩኛል። ልጆች አሉኝ።»

የፀጉር አስተካካዩን ቃል ከአምሳ አምስት ዓመት በኋላ ከሷ አፍ ሰማሁት። እሷን አልረገምኳትም፤ እሱንም ከዚያ ቀን ወዲህ መርገም አቅቶኛል። የምናደደው ሃያ ሁለት ገጽ ለመጻፍ ጊዜ አግኝቶ አንድ እጅ ለማስገባት ጊዜ ባጣው ላይ ነው።

እንግዲህ ለምታነቡ ሁሉ፦ ሙዚየሙ ከማክሰኞ በቀር ክፍት ነው። ካፖርቱ ሁለተኛው ክፍል፣ ከመስኮቱ በስተግራ ነው። ፈቃድ ጠይቁ፤ ሲከለክሏችሁ ደግማችሁ ጠይቁ። ከግራ ብብት በታች ነው። ኪሱ ወንድሜ የታይፕ መቺውን ሐሳብ ያውቅ እንደነበር አይነግራችሁም። ለሁሉም ይሰፋ እንደነበር ግን ይነግራችኋል፤ ፍርዱ የቆመው ደግሞ ለአንድ ሰው ብቻ ሰፋ በሚለው ላይ ነው። ድንጋዩ ላይ ስሙ የለም፤ አልፈረምኩም።

ወንድሜ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው ያኔ፣ ፍርዱን ሳይጨርስ፣ ወህኒ ቤቱ ተከፍቶ እስረኛው በተለቀቀ በሦስተኛው ቀን ነው። አብሮት ታስሮ የነበረ ጫማ ሰፊ እንደነገረኝ፣ ከወህኒው የሁለት ሰዓት የእግር መንገድ ርቆ ባለው አውቶቡስ ማቆሚያ፣ ወደ ሰሜን በሚሄደው አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላ ወንበር በመስኮቱ በኩል ተቀምጦ ነበር። ቤታችን በደቡብ ነው። ሜትሩ አንገቱ ላይ ነበር። ካፖርት አልለበሰም።